የዓባየይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ

ዓባየይ ስትሞት ካወረሰችን ነገር ሁሉ የከበደን ስግደቱ ነው። አዎ፣ ስግደት። ምን ታይኛለሽ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው። ሰው መሬት ይወርሳል፣ በሬ ይወርሳል። እኛ አንዲት በቅሎና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ስግደት ወረስን። በቅሎዋን ሁሉም ፈለጋት፣ ቆርቆሮውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ዓባየይ የአባቴ እናት ናት። መቐለ ገበያ ጨው ትሸጥ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ። ጨው የሚሸጥ ሰው እጁ ይቆስላል ይባላል፤ የእሷን ጨው ግን የገዛው ነበር የሚቆስለው፣ በምላሷ! «ይኼ ጨው ተሸርፏል» ያላትን ሰው አያቱ ድረስ ወርዳ ትሰድበው ነበር። ደሞ አያቱን ታውቃቸዋለች።

ያኔ ጣልያን ገና ከተማው ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዓባየይ ወደ ነፍስ አባቷ፣ እኛ አቦይ ቀሺ ወደምንላቸው ሄዳ ንስሐ ገባች። ስትመለስ ዝም አለች። ዓባየይ ዝም! እናቴ ታማ መስሏት ግንባሯን ዳሰሰቻት። ዓባየይ ግን ሰፌድ አምጡ አለች፣ ሽምብራ አምጡ አለች፣ ተቀምጣ መቁጠር ጀመረች። ሦስት ሺህ። አቦይ ቀሺ ሦስት ሺህ ስግደት ሰጥተዋታል።

ሌላው ሰው አርባ ይሰጠዋል፣ ቢበዛ መቶ። ሦስት ሺህ ምን ቢያደርጉ ነው የሚሰጠው? ሰፈሩ በሙሉ ይኼንን ሲያስብ ከረመ። እኔም እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ ወሎዬ ናት፣ አማርኛውን ከእሷ ነው ያገኘሁት፣ ነገር አታካብድም።

«አንድ ትልቅ አይደለም፣ ብዙ ትንንሽ ነው» አለችኝ። «አያትሽን አታውቂያትም?»

እንግዲህ ሽምብራው ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮውን የአሞይ ባል፣ የአክስቴ ባል ማለት ነው፣ ከሚሠራበት የጣልያን ሱቅ ያመጣላት ነው። ዓባየይ አንዴ በሰገደች ቁጥር አንዲት ሽምብራ ከቆርቆሮው አውጥታ ጭልፋ ውስጥ ትጥላለች። ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን ንስሐዋ አለቀ ማለት ነው። የሰገደችባቸውንስ? ቆልታ ትበላቸዋለች። «የወገቤ ዋጋ ናቸው» ትለናለች፣ ለማንም አታቀምስም።

በመጨረሻ ቀኗ አጠገቧ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የዕለቱን ሰገደችና አንዲት ሽምብራ ጨምራ አወጣች። አየቻት። ወገቧን ያዘች። «አንቺን ለነገ» አለቻትና ወደ ቆርቆሮው መለሰቻት። ጠዋት ስንቀሰቅሳት አልተነሣችም። ነፍሷን ይማር።

ለቅሶው ሳይበርድ አባቴና አሞይ በበቅሎዋ ተጣሉ። ዓባየይ ልጆቿ እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባቴ፣ «የመገብኳት እኔ፣ ከኔ ቤት የሞተች» ይላል። አሞይ፣ «ያጠብኳት እኔ፣ ፀጉሯን የሠራሁ እኔ» ትላለች። በቅሎዋ መሀል ቆማ ታላምጣለች። በመጨረሻ አቦይ ቀሺ ዘንድ ሄዱ። እኔም ውሃ ተሸክሜ ተከትዬ ስለነበር በጆሮዬ ሰማሁ። አቦይ ቀሺ ሁለቱንም እስኪበቃቸው አስለፈለፏቸውና፣ «ቆርቆሮውስ?» አሉ።



«በቅሎዋ ሁለት ጌታ አግኝታለች» አሉ። «ቆርቆሮው ጌታ የለውም? ስሙ ልጆቼ። የእናታችሁ ንስሐ ሳያልቅ ተዝካሯን አልባርክም። ትሰግዱላታላችሁ። ዘመድ ጎረቤት ቢያግዛችሁ ደስ ይለኛል። ግን እናንተ ሁለታችሁ እኩል! ወንድም ከእኅቱ፣ እኅት ከወንድሟ በአንዲት ስግደት እንኳ ብትበላለጡ አልቀበልም። ስለ በቅሎዋ የዚያን ጊዜ እናወራለን።»

አሁን የኔን ጉዳይ ስሚ። እኔ ያኔ ታጭቼአለሁ። ከአፋር በረሃ ጨው ጭነው ከሚመጡት አንዱ ነው፣ አያትሽ ማለት ነው። ሁለቴ ነው ያየሁት፤ በሁለተኛው ግመሉ ኩታዬን ልትበላ ስትል ሳቀብኝና ያን ቀን አለቀልኝ። ሠርጋችን የተቆረጠው ከዓባየይ ተዝካር ቀጥሎ ላለው እሑድ ነው። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደሞ ሠርግ የለም። ተዝካሩ ከዘገየ ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ይተላለፋል። እስከዚያ ስንት ነገር ይሆናል! የልጁ እናት በዓዲ ሓቂ በኩል ሌላ ልጅ አይታ አስቀምጣለች ይባል ነበር። ቀይ ናት አሉ። ጥርሷ ፍንጭት ነው አሉ። እንቅልፍ አጣሁ እልሻለሁ፣ በዚያች ፍንጭት።

ከቅዳሴ የወጣን ዕለት አባቴ ግቢው ውስጥ ቁርበት አነጠፈና ቆርቆሮውን ገለበጠው። አሞይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ለመካፈል ቁጥር ማወቅ አያስፈልግም፤ እኛ ቤት የምንካፈለው በእጅ ነው። «ለኔ፣ ላንቺ። ለኔ፣ ላንቺ።» ጥላው ከአጥሩ ወጥቶ እስከ በሩ ደረሰ፣ እነሱ ለኔ ላንቺ ናቸው። ሲያልቅ ሁለት ክምር ሆነ፣ ቁርበቱ መሀል ላይ ግን አንዲት ሽምብራ ቀረች።

«ያንተ ናት» አለች አሞይ። «በኩር አይደለህ?»

«በበቅሎዋ ጊዜ በኩር አልነበርኩም፣ ለሽምብራዋ በኩር ሆንኩ?»

«በቅሎዋን ከወሰድክ ሽምብራዋንም ጫንባት!»

እናቴ ጣልቃ ገባች። «እኔ በጥርሴ እሰነጥቃታለሁ። ክክ ትሁንና ግማሽ ግማሽ ውሰዱ።» ይኼ ለሁሉም መልካም መሰለ። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ አቦይ ቀሺን ሊጠይቅ ሄደ፣ ግማሽ ስግደት አለ ወይ ብሎ። አቦይ ቀሺ ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«መሬት ሳትደርስ የምትመለስ ስግደት ጎንበስ ብሎ ጫማ መፈለግ ናት።»

ተመለሰ።

ይኼን ጊዜ የአሞይ ባል ተነሣ። ጣልያን ሱቅ ዕቃ ያወርዳል፤ ሣጥን ሲቆጥሩ ሰምቶ በጣልያንኛ መቁጠር ተምሯል። ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ እያለ እስከ ዲየቺ ይደርሳል፣ እስከ ዐሥር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለማያውቅ እንደገና ከኡኖ ይጀምራል። ሰፈሩ ግን ስለ ቁጥር እሱን ነው የሚጠይቀው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይኼ ቀላል ነው» አለ። «ለሁለት እምቢ አለ አይደል? ለሦስት እሺ ይላል። የቁጥር ሕግ ነው። እኔ እገባለሁ።»

ክምሩ ተደባለቀ፤ ለሦስት ተካፈለ። አንዲት ተረፈች።

«ለአራት!» አለ። እናቴ ገባች። አንዲት ተረፈች። ለሁለት እምቢ ያለ ቁጥር ለአራት እሺ እንደማይል አሁን አንቺ ነው የነገርሽኝ፤ ያኔ ማን ያውቃል። «ለአምስት!» እኔ ገባሁ። ማርያም ማርያም እያልኩ ስካፈል፣ ያቺው አንዲት ቁርበቱ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

እጄን ዘረጋሁ። «እኔ ልውሰዳት፣ ምን አለበት! አንዲት ስግደት አይደለች?»

ይኼን ጊዜ አሞይ ጮኸች። «እንዳትነኪያት! አላስተዋላችሁም? እነዚያ ሁሉ ቅጣቱ ናቸው። ይህቺ ግን ኃጢአቱ ራሱ ናት! ለዚህ ነው ከማንም ጋር የማትሄደው!»

እናቴ እጄን በጥፊ መታችው። «ሙሽራ የሙት ኃጢአት ተሸክማ ልትገባ?»

ሁላችንም ከቁርበቱ ራቅ አልን። አባቴ ጎንበስ ብሎ አያት። «ጥቁር ናት» አለ። እውነትም ጠቆር ብላ ጭምድድ ያለች ነች። የአሞይ ባል፣ «ቅድም ለሦስት ስንካፈልም ይህቺው ነበረች» አለ። «ለሁለት ስንካፈልም!» አለች አሞይ። እናቴም አይቻታለሁ አለች። እኔም አይቻታለሁ አልኩ፣ ባላያትም። ከዚያ በኋላ ያላያት ሰው ጠፋ። ጠበል መጣ፣ ተረጨች። የአሞይ ባል በሁለት ጭራሮ አንሥቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ከአጥር ውጭ ወረወራት። የሙት ንስሐ እንዳናጎድል ደሞ እናቴ ከጓዳ በእሷ ምትክ ሌላ አመጣች፤ የቃላሚኖ አገር ሽምብራ፣ ድቡልቡል፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ያለች። አባቴ ተነፈሰ። «አሁን ንጹሕ ነው» አለ።

የሚቀጥለው ቀን በዓል ነበር። ከአጥሩ ማዶ የምትኖር የወሎ ሙስሊም ጎረቤት አለችን፣ ገበያ በርበሬና እርድ ትሸጣለች። ከዓባየይ ጋር ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት፣ በጣም ይዋደዱ ነበር። ጩኸታችንን ሰምታ ኖሮ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔን ቁጠሩኝ» አለች አባቴን። «በቀን አምስቴ እሰግድ የለም እንዴ? ለእማማ ጥቂት ብጨምርላት ወላሂ ወገቤ አይቆረጥ።»

አባቴ ራሱን አከከ። ነጠላውን አጣፋና ደግሞ ሄደ። አቦይ ቀሺ ጥያቄውን ሰምተው ብዙ ሳሉ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ በመጨረሻ፣ «ጆሮዬ ዛሬ ደክሟል፣ አልሰማሁህም» አሉት። «ያልሰማሁትን ነገር ደሞ አልከለክልም።»

ስድስት ሆንን። ተካፈልን። ያቺ ድቡልቡል፣ ያቺ የሕፃን ጉንጭ የመሰለች፣ ቁርበቱ ላይ ቀረች።

«ወይለይ!» አለች አሞይ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ተጋባባት!»

ጎረቤታችን ሳቋን መያዝ አቅቷት ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። የአሞይ ባል ግን አልሳቀም፣ አሰበ። ሲያስብ ያስፈራል። «ጥፋቱ የሽምብራዋ አይደለም» አለ። «ሽምብራዋ ብትቀየርም ያው ነው። ጥፋቱ የቁጥሩ ነው።» እውነቱን ነው፣ እሱ በሕይወቱ ትክክል የተናገረው ያን ቀን ነው። እንግዲህ ይቆጠር ተባለ። ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ፣ ዲየቺ ሲደርስ አንድ ክምር ያስቀምጣል። ክምሩ ሲበዛ እናቴ በአማርኛ፣ አባቴ በትግርኛ ደገሙት። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ። በሦስት ቋንቋ ያው ነው።

«እንግዲያው» አለ የአሞይ ባል፣ «ባለቤት የሌለው ቁጥር የለም። ሰባት ቅዱስ ነው፣ ለሰባት ይሆናል።» የአሞይ ትልቋ ልጅ ተጠራች። አንዲት ተረፈች። «ለስምንት!» ታናሿ ተጠራች። አንዲት። «ለዘጠኝ!» እኛ ግቢ የሚያድር አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ከሸዋ የመጣ የድሮ ወታደር። መድፍ አጠገብ ቆሞ ጆሮው ደንቁሯል። በእጅ ምልክት አስረድተን አስቀመጥነው፤ ምሳ መስሎት በደስታ ገባ። አንዲት ተረፈች። ለዐሥር የጎረቤታችን ባል ገባ፣ «ከሚስቴ ላንስ ነው?» ብሎ። አንዲት ተረፈች! የአሞይ ባል ሲቆጥር እኮ በዐሥር በዐሥር ነበር የቆጠረው፤ ያኔም አንዲት ተርፋ በዓይኑ አይቷታል። ያም ሆኖ ዐሥር ሆነን ስንቀመጥ፣ «ይኼ የጣት ቁጥር ነው፣ እምቢ አይልም» እያለ ያበረታታን ነበር።

ትናንት አንቺ ወረቀት ይዘሽ ሠርተሽ የነገርሽኝ ነገር ነው ሆዴን የቆረጠው። አንዲት ሽምብራ ብታንስ ኖሮ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ብቻ ቢሆን፣ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ እስከ ዐሥር ድረስ ለሁሉም ያለ ትርፍ እኩል ይካፈል ነበር። ከዚያ ያነሰ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም አልሽኝ። ዓባየይ ያቺን «ለነገ» ያለቻትን አንዲት ብትሰግዳት ኖሮ! አንዴ ጎንበስ ቀና ብትል! አንድ ቤተሰብ ሙሉ ቁርበት ላይ ባልከረመ። ደሞ ዓባየይ ራሷ ቁጥሩን ትመስላለች። ከማን ጋር ተስማምታ ታውቃለች? ከሁለት ሰው ጋር ብታስቀምጫት ትጣላለች፣ ከዐሥር ጋር ብታስቀምጫት ትጣላለች።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ማንም ገና አንዴ አልሰገደም። ድርሻው ሳይታወቅ ማን ይጀምራል? አባቴ እንደሆነ አሞይን እንዳይበልጥ ይፈራል፣ አሞይ አባቴን። ቀኑ ሄደ ሄደና ለተዝካሩ አንድ ሳምንት ቀረ። እኔ ልብሴ ተሰፍቶ ሣጥን ውስጥ ነው። በየቀኑ አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ዓዲ ሓቂ ያለችው ፍንጭት በሕልሜ ትመጣና ትስቅብኛለች።

እንዲህ ዐሥራችንም ሽምብራዋን ከበን እንደተቀመጥን፣ የልጁ እናት በሩን ከፍታ ገባች። አማቴ። አንድ ቀን አማቴ የምትሆን ማለቴ ነው፣ ከሆነች። ትልቅ ሴት ነች፣ ስትራመድ መሬቱ ያውቃታል።

«ይኼ የሠርግ ቤት ነው ወይስ የጠንቋይ ቤት?» አለች።

አባቴ ብድግ አለ። «ግቡ፣ ግቡ! ምንም አይደል፣ ዘር እየመረጥን ነው።»

«ዐሥር ሰው አንዲት ዘር ይመርጣል?»

የሚያስረዳት ሰው ጠፋ። ያ ሽማግሌ ግን የሴትዮዋን አፍ ሲያይ የጠየቀችው ገብቶታል፤ ደንቆሮ ደሞ ቀስ ብሎ መናገር አይችልም።

«የአሮጊቷ ኃጢአት ነው!» ብሎ ጮኸ። «አልካፈል ብሎን ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አማቴ ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች። «ስንት ሰጧት?» አባቴ ለሌላ ሰው የሚናገር ይመስል አጥሩን እያየ፣ «ሦስት ሺህ» አለ። እኔ እግሯን ነበር የማየው። ወደ በሩ ከዞረች አለቀልኝ፣ እያልኩ እግሯን ብቻ አያለሁ።

እግሯ አልዞረም።

«ሦስት ሺህ!» አለች። «የኔ አማት አምስት ሺህ ነበረባት። ብታውቋት ያንሳታል ትሉ ነበር።» ከዚያ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። «ስሙኝ። እኔ ጠላ ጠምቄአለሁ። ሦስት ጋን። ዛሬ ጠዋት ስቀምሰው ሊኮመጥጥ ከንፈሩን አሹሏል። እስከ ፋሲካ የሚቆይ ጠላ አይቼ አላውቅም። በሉ ጠጋ በሉ፣ እኔንም ቁጠሩኝ።»

የአሞይ ባል ጆሮዬ ሥር ሾከሾከ፤ «ዐሥራ አንድ ክፉ ቁጥር ነው። ከዲየቺ በላይ ምንም ጥሩ ነገር የለም።» ዝም በል አልኩት፣ በሆዴ።

ሽምብራው ተደባለቀ። ለኔ፣ ላንቺ፣ ላንተ፣ ለእርስዎ። ለዐሥራ አንድ ሰው ሲሆን ዙሩ ይረዝማል፤ እጃችን ቁርበቱ ላይ እንደ ጉንዳን ይተላለፋል። ክምሩ መሀል ላይ ቀለለ፣ ቀለለ። የመጨረሻው ዙር ደረሰ። አማቴ የመጨረሻ ድርሻዋን አነሣችና ሁላችንም አንገታችንን ዘረጋን።

ሁለት ቀርተዋል።

«ወለደች!» አለች አሞይ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ። «እናንተ ሰዎች ወለደች!»

ያ ሽማግሌ ሳቅ ሲፈነዳበት ጎረቤታችንም ሻሿን ከአፏ አውጥታ በግልጽ ሳቀች። የአሞይ ባል፣ «ብያለሁ! ዐሥራ አንድ ብያለሁ!» ይላል። እናቴ ወደ ጓዳ ልትሸሽ ተነሣች። እኔ ዕንባዬ መጣ። አባቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱን ሽምብራዎች ያያል። ቀና ሲል አሞይን አየ። አሞይም ጩኸቷን አቁማ እሱን አየችው።

«ሁለት ናቸው» አለ አባቴ።

«ሁለት ናቸው» አለች አሞይ።

«እኛም ሁለት ነን።»

ቀስ ብሎ ነው የገባን። አቦይ ቀሺ ያሉት ወንድምና እኅት እኩል ይሁኑ ነው። አንዲት ስትተርፍ ከሁለቱ አንዱ መብለጥ አለበት። ሁለት ከተረፉ ግን እሱም አንድ፣ እሷም አንድ! ኃጢአቱ እንኳ ቢሆን ለሁለቱም እኩል ነው።

«ውሰጂ እንግዲህ» አለ አባቴ።

«አንተ ቅደም፣ ትልቅ ነህ።»

«ሴት ትቅደም።»

«ኋላ ቀድማ አነሣች ልትለኝ ነው?»

እንደገና ሊጀምሩት ነው! አማቴ መሬቱን በመዳፏ መታችው። «ጠላዬ!» አለች። «ሦስት እላለሁ፣ ሁለታችሁም ታነሣላችሁ!» ሦስት አለች፣ ሁለቱ እጆች እኩል ወረዱ። አሞይ ሽምብራዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። «ምን ብታደርግ እናታችን ናት» አለች። አባቴም ንፍጡን በነጠላው ጠረገ። ከበቅሎዋ ወዲህ ያን ቀን ነው እናታችን ሲባባሉ የሰማሁት።

ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ለየሰው ደረሰ፤ ለእነሱ ለሁለቱ አንዳንድ ምራቂ። ያን ሳምንት ግቢያችንን ብታዪው! በየጥጉ ሰው ይወድቃል፣ ሰው ይነሣል። ጎረቤታችንና ባሏ በአጥራቸው በኩል፣ እኛ በዚህ በኩል። ሽማግሌው በየስግደቱ «እህህ!» ስለሚል አህዮች ይመልሱለታል። አባቴና አሞይ ጎን ለጎን ሆነው ነው የሚሰግዱት፣ ለመተማመን አይደለም፣ ለመጠባበቅ ነው። «ቆይ፣ ቀደምሽኝ!» «አንተ ግንባርህ መሬት አልነካም፣ ድገም!» ዕለቱን ሙሉ እንዲህ ናቸው። አማቴ ድርሻዋን በመሃረብ ቋጥራ ወስዳ በቤቷ ሰገደች። የሚያያት ስለሌለ አጉድላ ይሆን ብዬ ሰጋሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መስገዷን ኋላ በዓይኔ አየሁት።

ሐሙስ ዕለት አቦይ ቀሺ መጡ። ባዶውን ቆርቆሮ አንሥተው ገለበጡት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ አባቴንና አሞይን አዩ። ሁለቱም ወገባቸውን ይዘዋል፣ በአንድ በኩል፣ በግራ። «እኩል ናችሁ» አሉ። ተዝካሩ ተባረከ። በቅሎዋ አንድ ወር እዚህ አንድ ወር እዚያ ትሁን ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ያቺ በቅሎ ከሁላችንም የተሻለ ትበላ ነበር፣ ሁለቱም እኔ ነኝ የምቀልባት ለማለት ሲሉ።

እሑድ ሠርጌ ሆነ። ሠርጉ ግን! እኔ ከአልጋ የተነሣሁት በሁለት ሰው ተደግፌ ነው። ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ጭኔ እንጨት ነው። የኛ ወገን እንግዳ ሊቀበል ሲቆም መቀመጥ አይችል፣ ሲቀመጥ መነሣት አይችል። ከበሮው ተመታ፣ ጓይላ ተጀመረ። ጓይላ ታውቂያለሽ፣ እየዞሩ እየዞሩ መጨረሻው ላይ ጉልበት ሸብረክ ይላል። የልጁ ወገን ሸብረክ ሲል የኛ ወገን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቀራል። አባቴና አሞይ እንዳይወድቁ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ነው የሚዞሩት። ሰዉ ያያቸዋል። «አቤት መዋደድ! አቤት ወንድምና እኅት!» ይላል።

እኔ ወደ ሙሽራው ስወሰድ ዳዊት የሚደግም ይመስል ቀስ ብዬ፣ እያነከስኩ ነው። የልጁ አጎቶች ተንሾካሾኩ። አንዱ ጮክ ብሎ፣ «ልጅቱ አንካሳ ናት እንዴ?» አለ። ይኼ ሁሉ ስግደት ተሰግዶ በአንካሳነት ልመለስ!

ሙሽራው ጎንበስ አለና ጆሮዬ ሥር፣ «እግርሽን ምን ሆንሽ?» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት የኖረ ሰው ነው፣ የሚያነክስ ነገር አያመልጠውም።

«እናትህን ጠይቃት» አልኩት።

እሱም ዞር ብሎ እናቱን ፈለገ። አማቴ ዋንጫ ተሸክማ ከጓዳ እየወጣች ነበር፤ ያቺ ስትራመድ መሬቱ የሚያውቃት ሴት አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እግሯን እንደ ታሰረች ግመል እያራመደች፣ በእርምጃ በእርምጃው «ኦይ፣ ኦይ» እያለች። ሙሽራው አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ አባቴን፣ ከዚያ እንደ ምሰሶ የቆመውን ዘመዴን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

«እናቴን ምን አደረጋችኋት?» አለኝ።